«ጦርነት»፣ «ውጊያ»፣ «አርነት»፦ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በአማርኛ ስናስረዳ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ዋና ዋና ሰዎች፣ ጦርነቶችና ቃላት አጥንቶ ሊፈተን ነው። ማታ ማታ በአማርኛ ላስረዳው ስሞክር ቃላቱ ይምታቱብኛል። ‹ሲቪል ጦርነት› ልበል ወይስ ‹የእርስ በርስ›? ጠቅላላውም ‹ጦርነት›፣ ጌቲስበርግም ‹ጦርነት› ከሆነ በምን ልለያቸው? የቦታና የሰው ስሞችንስ ልተርጉማቸው? ደግሞ ‹በጌቲስበርግ 51 ሺህ ሰው ሞተ› ብለው ‹አይደለም እማ› አለኝ። ማንኛችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ትክክለኛው ልጅዎ ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለአንድ ውጊያ የሚሰጡት ትልቁ ቁጥር የሞተውን፣ የቆሰለውን፣ የተማረከውንና የገባበት ያልታወቀውን አንድ ላይ የደመረ ነው። አማርኛ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ የለመድነው አንድ ቃል ስለሌለው ተርጓሚ ሲቸኩል «ሞተ» ይላል። ይህ ስሕተት በዜናም በመማሪያ ጽሑፍም ስለሚደጋገም እርስዎ ብቻ የሚወቀሱበት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በጌቲስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ከሁለቱም ወገን ከጦሩ የጎደለው ሰው 51 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ በሜዳው ላይ የሞተው ግን ከ7 ሺህ በላይ ነው። ስለዚህ «51 ሺህ ያህል ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ ወይም ጠፋ» ይበሉት። ይረዝማል፤ ቢረዝምም እውነቱን የሚናገር እሱ ነው። በአንቲተም ውጊያም እንደዚሁ ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1862 በአንድ ቀን የጎደለው 23 ሺህ ገደማ ሰው ነው ሲባል ሁሉም ሞቷል ማለት አይደለም። በጠቅላላ ጦርነቱ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው የሟቾች ቁጥር 620 ሺህ ነው፤ የኋላ ጥናቶች ከፍ ያደርጉታል። ከእነዚህ የሚበዙትን የገደለው በሽታ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም «በውጊያ የወደቁ» ማለትም አያስኬድም።

ወደ ስያሜው ስንመጣ «ሲቪል ጦርነት» አይበሉ። «ሲቪል» በአማርኛ ወታደር ያልሆነ ማለት ሆኖ ሥር ሰዷል፤ ሲቪል ለባሽ፣ ሲቪል ሰርቪስ እንላለን። ልጁ ሲሰማው ወታደር ያልሆኑ ሰዎች የተዋጉት ጦርነት ሊመስለው ይችላል። «የእርስ በርስ ጦርነት» ራሱን የቻለ ጥሩ ስም ነው። «እርስ»ን ብዙዎች ከግእዙ «ርእስ» ጋር ያዛምዱታል። ዛሬም «ራሱን ጎዳ» ስንል «ራስ» የሚለው ቃል የሰውየውን ማንነት ይወክላል። «እርስ በእርስ» የሚልም «እርስ በርስ» የሚልም አልተሳሳተም፤ በንግግር የሚዋሐደው ሁለተኛው ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

«ጦርነት» ሁለት ሥራ መሥራቱ እውነት ነው። የዓድዋን የአንድ ቀን ፍልሚያም፣ የአምስት ዓመቱን የጣሊያን ወረራም «ጦርነት» ብለን ኖረናል፤ የዓድዋን ስም ማንም እንዲለውጥ አልመክርም። ነገር ግን ትልቁና ትንሹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ መለየት ግድ ነው፤ ቃላቱም አሉን። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ግዛቶች ከ1861 እስከ 1865 ያደረጉት «ጦርነት» ነው። አንድ ጦር ለወራት አንድ ግብ ይዞ የሚያደርገው ጉዞና ፍልሚያ «ዘመቻ» ይባላል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት የሚሆነው «ውጊያ» ነው። ከተማን ዙሪያውን ይዞ ስንቅ መከልከል ደግሞ «ከበባ» ነው። እንግዲህ እንዲህ ይበሉለት፦ «የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት የደቡቧን ከተማ ቪክስበርግን ለመያዝ ዘመቻ አደረገ፤ በመንገዱ ብዙ ውጊያዎች ገጠመ፤ ከ47 ቀን ከበባ በኋላ ጁላይ 4 ቀን 1863 ከተማዋ እጇን ሰጠች።» ልጁ ቃላቱን በዝርዝር ከሚሸመድድ እንዲህ በግሥ ታስረው ቢሰማቸው አይረሳቸውም። ማን ከበበ፣ ማን አፈገፈገ፣ ማን እጁን ሰጠ የሚለውን ከያዘ ስሞቹ ራሳቸው ይከተላሉ።

የቦታ ስሞችን አይተርጉሙ። «ቡል ረን» ውስጥ ያለው «ረን» ሩጫ አይደለም፤ በዚያ አካባቢ አነጋገር ትንሽ ጅረት ነው። ይኸው ውጊያ ማናሳስም ይባላል። ሰሜኖቹ ብዙ ጊዜ ውጊያውን በአቅራቢያው ባለው ወንዝ ወይም ጅረት ይጠሩት ነበር፣ ደቡቦቹ ደግሞ በከተማው። አንቲተም ወንዝ ነው፤ ደቡቦቹ ያንኑ ውጊያ ሻርፕስበርግ ይሉታል። ልጁ አራት ውጊያ መስሎት እንዳይደክም ይህን አስቀድመው ይንገሩት፤ ማናሳስም ከምትኖሩበት ሩቅ ስላልሆነ ቦታውን ማሳየት ይቻላል። ሌላው ወጥመድ አፖማቶክስ ነው። ስሙ ላይ «ኮርት ሃውስ» ስላለ በአማርኛ ጽሑፎች «በአፖማቶክስ ፍርድ ቤት እጁን ሰጠ» ተብሎ ይነበባል። የመንደሩ ስም ነው እንጂ የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ እጁን የሰጠው ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም፤ በመንደሩ በሚገኝ የግለሰብ መኖሪያ ቤት ነው።

የሰዎቹን ቅጽል ስሞች ደግሞ እኛ በቀላሉ እንረዳቸዋለን፤ የፈረስ ስም ያለን ሕዝብ ነንና። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ እንደምንል ሁሉ የደቡቡ ጄኔራል ቶማስ ጃክሰን «ስቶንዎል» ይባላል። በመጀመሪያው የማናሳስ ውጊያ እንደ ድንጋይ ግንብ ቆመ ተብሎ የወጣለት ነው። ስሙን «ስቶንዎል ጃክሰን» ብለው ይተዉትና ትርጉሙን አንድ ጊዜ ያስረዱ።

«መገንጠል» የሚለውን ቃል ይጠቀሙበት፤ ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 ጀምሮ ጆሯችን ለምዶታል። ብቻ የእኛን ክርክር ይዞ እንዳይገባ ታሪኩን ወዲያው ያስከትሉ። ሳውዝ ካሮላይና ዲሴምበር 20 ቀን 1860 ቀድማ ተገነጠለች፤ በድምሩ 11 ግዛቶች ወጡ፤ የመገንጠላቸውም ዋና ምክንያት ባርነት ነበር። የእርስዎ ከተማ ራሷ ምስክር ናት። ቨርጂኒያ መገንጠሏን በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀች ማግስት፣ ሜይ 24 ቀን 1861፣ የሰሜኑ ጦር ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያን ያዘ። ወገኖቹን «የሰሜኑ ጦር» እና «የደቡቡ ጦር»፣ መንግሥታቱን «ኅብረቱ» እና «ኮንፌዴሬሽኑ» ማለት ይበቃል። «ሰሜን» ማለት ባርነት የሌለበት ማለት እንዳልሆነ ግን ያስታውሱት፤ ሜሪላንድ፣ ዴላዌር፣ ኬንታኪና ሚዙሪ ባርነት እያለባቸው ከኅብረቱ አልወጡም።

አሁን እጅግ ወደማስብበት ቃል ልምጣ። «ባሪያ» በአገራችን ሰውን በመልኩና በዘሩ ለማዋረድ ሲነገር የኖረ ስድብ ነው፤ ብዙ ሰው አቁስሏል፣ ዛሬም ያቆስላል። አሜሪካ ለሚያድግ ልጅ ይህን ቃል የጥቁሮች መጠሪያ አድርጎ ማስያዝ አይገባም። «በባርነት የተያዙ ሰዎች» ይበሉ። ሰዎች እንደነበሩም፣ የያዛቸው ሌላ ሰው እንደነበረም ይናገራል። ሐሪየት ታብማንን ለመተረክ ደግሞ አማርኛ ሁለት ግሦች አዘጋጅቶልናል፤ «አመለጠች» እና «አስመለጠች»። በ1849 ከሜሪላንድ አመለጠች፤ ተመላልሳ ሌሎችን አስመለጠች፤ በጁን 1863 የሰሜኑ ጦር በሳውዝ ካሮላይና ኮምባሂ ወንዝ ላይ ባደረገው ወረራ መንገድ መርታ ከ700 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። በኅብረቱ ምድር ጦር የተሰለፉትን 180 ሺህ ገደማ ጥቁሮችም «ወታደሮች» ይበሏቸው፤ ነፃነታቸውን ዝም ብለው የተቀበሉ አይደሉም።

የፕሬዚዳንት ሊንከንን የጃንዋሪ 1 ቀን 1863 አዋጅ «የአርነት አዋጅ» ብንለው ደስ ይለኛል። «አርነት» ከባርነት መውጣትን የሚናገር የቆየ ቃል ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሁሉ «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» ከሚለው ያውቀዋል። «ነፃነት» ለአገርም ለሐሳብም ስለሚነገር እዚህ ላይ ይሰፋል። ግሡን ግን ይጠንቀቁ፤ «ሊንከን በአዋጁ ባርነትን አስቀረ» አይባልም። አዋጁ በአመፅ ላይ በነበሩት አካባቢዎች በባርነት የተያዙትን አርነት አወጣ እንጂ ቅድም የጠራኋቸውን አራቱን ግዛቶች አልነካም። ባርነትን በመላ አገሪቱ የሻረው በዲሴምበር 1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ፈተናው ይህን መለየቱን እንደሚጠይቅ እገምታለሁ።

ስለ ፍጻሜውም ሲነግሩት «ኤፕሪል 9 ቀን 1865 ደቡብ እጁን ሰጠ» አይበሉ። ያን ቀን ለግራንት እጁን የሰጠው ሮበርት ሊ ያዘዘው፣ «የሰሜን ቨርጂኒያ ጦር» የሚባለው የደቡቡ ሠራዊት ብቻ ነው። በኖርዝ ካሮላይና የነበረው የሌላው የደቡብ ጄኔራል የጆንስተን ጦር እስከ ኤፕሪል 26 ቆየ፤ በቴክሳስ፣ ጋልቨስተን፣ በባርነት ለተያዙት ነፃነታቸው የተነገራቸው ጁን 19 ነበር። የዚያ ቀን በዓል ስም፣ ጁንቲንዝ፣ ከወሩና ከቀኑ ስም የተገጠመ ስለሆነ እንዳለ ይጻፉት፤ ቀኖቹን ሁሉ ሲያስጽፉትም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አይርሱ።