ተራራ ወጥቶ ሰው ቤት ማደር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሜክሲኮ አካባቢ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ይጠይቃሉ፤ ሆቴል ሳይሆን ደጋ ላይ ገበሬ ቤት ስለ ማደር። ከመልሱ በፊት አንድ ነገር እንበል። የአገራችን ባለቤት እንግዳን «ዛሬ አይመቸኝም» ብሎ አይመልስም፤ ቢቸግረውም ተበድሮ ያበላል። ስለዚህ ልኩን ማወቅ ያለበት እንግዳው ነው። መልሶቻችን በሙሉ ከዚህ ይነሳሉ።

«እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ልጃችንና የ67 ዓመት እናቴ ሆነን ሦስት ሌሊት ገበሬ ቤት ማደር እንፈልጋለን። የት እንሂድ? መቼስ ይሻላል?» (ከአራት ኪሎ)

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ዶርዜን እንመርጣለን። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በጋሞ ደጋ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚገኝ መንደር ነው። እንግዳ ማሳደር ለምዷል፤ መኪናም እስከ መንደሩ ይገባል። ብዙዎቹ ወንዶች አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሲሸምኑ የኖሩ ስለሆኑ በአማርኛ መግባባት አያስቸግርም። ከእናቶች ጋር ለመጨዋወት ግን አስተርጓሚ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አመሻሽ ላይ ይደርስና «ትንሽ ነው የቀረው» ብሎ በዚያው ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ጉምም ይወርድበታል። ከሁሉም በላይ ግን በሌሊት የደረሰ እንግዳ የተኛ ቤተሰብ ቀስቅሶ እንደገና እሳት ያስነድዳል። ታች እደሩ። አርባ ምንጭ ወባ ያለበት ቆላ ስለሆነ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ጠዋት ወደ ጨንቻ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ዶርዜ ላይ ትወርዳላችሁ። በዚህች አጭር መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለምትወጡ ሹራቡን ሻንጣ ሥር አትቅበሩት፤ በተለይ የልጁን።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ ቀኑ ብራ ነው። በጋሞ ደጋ በክረምቱ ብቻ ሳይሆን ሚያዝያና ግንቦት ላይም ዝናቡ ይበረታል፤ ጭቃው ለአረጋዊ እግር አይሆንም። መስቀል የአካባቢው ትልቁ በዓል ነው፤ ለማየት ያጓጓል፤ ነገር ግን ከተማ የወጣው ልጅ ሁሉ የሚመለስበት ጊዜ ስለሆነ ትራንስፖርቱ ይጨናነቃል፣ ቤቱም በራሱ ሰው ይሞላል። ያለ ግልጽ ጥሪ አትሂዱ። እህል አብቃይ ወደሆነ ሌላ ደጋ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን ተዉት። አዲሱ ሰብል ገና ያልደረሰበት፣ የዓምናው ጎተራ የሚሟጠጥበት ወቅት ነው፤ እንግዳ የሚበላው ለልጆች የተቆጠበውን ነው።

እናትዎን በሚመለከት፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከዚያ አንድ ቀን ወንጪ ሐይቅ ወስደው ይሞክሯቸው። በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው፤ በጠዋት ተነሥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። የሐይቁ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዶርዜ ይበልጣል። እዚያ በዝግታ ተራምደው ራሳቸውን ካላመማቸውና ካላጥወለወላቸው ዶርዜ አይከብዳቸውም።

«ባለፈው ዓመት ያደርንበት ቤት እመቤት ብሩን አልቀበልም ብለው ቅር ተሰኙብን። እንዴት ነው የሚከፈለው?» (ከፒያሳ)

ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከገንዘቡ ሳይሆን ከአሰጣጡ ነው። ጠዋት ተሰናብቶ፣ ደጅ ላይ፣ ጎረቤት እያየ ብር መዘርጋት እመቤቲቱን እንጀራ ሻጭ ያደርጋቸዋል። ስለ ክፍያ መነጋገር ያለባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት፣ በስልክ፣ ካገናኛችሁ ሰው ጋር ነው። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በቤት? እራትና ቁርስን ይጨምራል? ቤቱ የሚመደበው በተራ ነው? ከምትከፍሉትስ ለቤተሰቡ የሚደርሰው ስንት ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳታፍሩ ጠይቁ። አስጎብኚው «እኔ እሰጣቸዋለሁ» ብሎ ካለፈው፣ የቤቱን ድርሻ በእጃችሁ እንደምትሰጡ ያኔውኑ ንገሩት። ውኃ የቀዳችውና እንጨት የተሸከመችው ሴት ድርሻዋን ሳታገኝ መቅረቷ እውነተኛ በደል ነው።

እንግዳ ተቀባይ ቤቶች በማኅበር በተደራጁበት መንደር ክፍያው ለማኅበሩ ነው፤ በላዩ ላይ ለአንድ ቤት ብር መጨመር ተራ በሚጠብቁት ዘንድ ቅያሜ ይፈጥራል። ስጦታ ግን አይከለከልም። ማኅበር ከሌለ ከመሄጃችሁ በፊት ባለው ማታ፣ ቡናው ካለቀ በኋላ፣ ለእመቤቲቱ ለብቻቸው በሁለት እጅ ስጡ። «ለልጆች ደብተር ይሁን» ማለት ይቀላል። አልቀበልም ካሉ ሁለት ጊዜ ለምኑ፤ ሦስተኛውን ለአባወራው ተዉት። ባለ 50ና ባለ 100 ብር ኖቶች ያዙ። ቴሌብር ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም፤ ባለ 200ውንም የሚመነዝር ላታገኙ ትችላላችሁ።

ለአራት ሰው ለሦስት ሌሊት ይዞ ለመሄድ የሚበቃው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና፣ 2 ኪሎ ስኳር፣ 1 ሊትር ዘይት፣ አምስት የልብስ ሳሙናና አንድ እሽግ ጨው ነው። እንደ ገባችሁ ለእመቤቲቱ ስጡ። ለልጆች ከረሜላ አትበትኑ፤ በሚቀጥለው ቀን መንገድ ዳር ቆሞ እንግዳ የሚጠብቅ ልጅ ታፈራላችሁ፤ ትምህርት ቤቱም ይቀርበታል። ያረጀ ልብስ ጠቅልሎ መውሰድንም አንወደውም፤ መንደሩ የሸማኔ መንደር ነው።

ስለ እርድ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። እንግዳ መጣ ተብሎ በግ ከታረደ የቤቱ ጥሪት ጎደለ ማለት ነው። «ሥጋ አንበላም፣ ቤት ያፈራውን ነው የምንበላው» ብሎ በመጀመሪያው ስልክ መናገር ያሳርፋቸዋል። ሥጋ ካማራችሁ በገበያ ቀን በጉን ራሳችሁ ገዝታችሁ ግቡ።

«ምግቡ ይስማማናል? ጾምስ?» (ከሜክሲኮ)

ዶርዜ የእንሰት አገር ነው። የእንሰቱ ግንድና ሥር ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል፤ ከዚያ ቆጮው በስሱ ይጋገራል። ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ዳጣው ያቃጥላል፤ ለልጁ በማር ይበቃዋል። ያልለመደ ሆድ በባዶው ብዙ ቆጮ ሲበላ ይነፋል፤ የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ ብሉ። ሲያጎርሷችሁ አንዱን መቀበል ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጥገባችሁን ብትናገሩ ማንም አይከፋም።

ዘመን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ድረስ የነቢያት ጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። በጋሞ ፕሮቴስታንቶችም ብዙ ናቸው፤ እነሱ ቤት አረቄ ይዞ መግባት ነውር ነው። ባሌ ከሄዳችሁ፣ ለምሳሌ ሪራ፣ ባለቤቶቻችሁ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ በእርድ ምክንያት አንዳችሁ የሌላውን ሥጋ ስለማትበሉ ሽሮና ምስር ይዛችሁ ብትገቡ ማንም አይሳቀቅም። ከጎባ ወደ ሪራ የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሰነቴ አምባ ላይ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ራስ ቢያም ቶሎ ወደ ታች መውረድ እንጂ ቆሞ ፎቶ ማብዛት አይደለም።

«ቁንጫ እፈራለሁ፤ አስምም አለብኝ። ቤቱ ውስጥ እንዴት ይታደራል?» (ከካዛንቺስ)

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ አስሙ ግን ከቁንጫው ይብሳል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ የሚከደን ረጅም ቤት ነው። ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በጣሪያው ውስጥ እየተጣራ ይወጣል። ምስጥና ተባይ ቀርከሃውን እንዳይጨርሱት የሚከላከለውም ይኸው ጭስ ነው። ስለዚህ «እሳቱን አጥፉልኝ» አይባልም። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ለእንግዳ የተለየ፣ እሳት የማይነድበት ትንሽ ቤት አለ፤ በስልክ ሲነጋገሩ እሱን ይጠይቁ። ከሌለ ከምድጃው ርቀው፣ በበሩ በኩል፣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የሚነፋውን መድኃኒት ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ የት እንዳለ ገና በብርሃን ይጠይቁ።

ለቁንጫው የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ሰፋ ያለ ነጭ አንሶላ በቁመቱ እጠፉና ታችና ጎኑን እንደ ከረጢት አሰፉት፤ ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎኑ ክፍት ይቅር፣ ለመግባት። ውስጡ ገብታችሁ በላዩ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ትደርባላችሁ። ነጭ የመረጥነው ቁንጫ ጥቁር ነጥብ ሆና ስለምትታይበት ነው። ቦርሳችሁን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ስቀሉት። ቤታችሁ ስትመለሱ ልብሱን በሙሉ ከነአንሶላው ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አቆዩና በፈላ ውኃ እጠቡት። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ባለቤቶቹ ፊት አትከኩ፣ አታራግፉ፤ ለመኝታ ስትሄዱ ዝም ብሎ ማንጠፍ ነው።

ሁለት ጥብቅ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቀርከሃ ቤት ውስጥ ሻማ አትለኩሱ፣ ሲጋራም አታጭሱ፤ የእጅ ባትሪ ያዙ። ሁለተኛ፣ ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ብርዱን በሁለት ካልሲ፣ በሹራብና በጋቢ መቻል ይሻላል።

«የሚጠጣውን ውኃ ምን እናድርገው? ውሻስ?» (ከፒያሳ)

የምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ስለታየ ንጹሕ አይደለም። ከፍታ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተዉት። ለአራት ሰው በየቀኑ ውኃ ማፍላት ግን ብዙ እንጨት ይፈጃል፤ እንጨቱን የምትሸከመው ደግሞ የቤቱ ሴት ናት። ስለዚህ «ውኃ አጋር» የሚባለውን የውኃ ማከሚያ ፈሳሽ ወይም የማከሚያ እንክብል ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠኑን ከመለያው ላይ አንብባችሁ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ቆዩ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥልሉት።

ግቢ ስትደርሱ አጥሩ ጋ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ፤ ሰው ወጥቶ ውሻውን እስኪይዝ አትግቡ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻው የታወቀና የዋህ ነው ቢባልም ክትባቱን አታዘግዩ።

«የመንገዱ ሰላም እንዴት ነው?» (ከሜክሲኮ)

የመንገድ ሁኔታ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በመጽሔት አይመለስም። በጉዞው ዋዜማና በዚያው ጠዋት ለሚቀበላችሁ ሰው ደውሉ፤ «ተዉ» ካላችሁ አትከራከሩት። ሁላችሁም መታወቂያ ያዙ፤ መምጣታችሁን ባለቤቱ ለቀበሌው እንዲናገር አድርጉ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም።

«ፎቶ ማንሳትና የልጆቹን ትምህርት መርዳት እንፈልጋለን።» (ከአራት ኪሎ)

የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን አታውጡት። በሁለተኛው ቀን ጠይቃችሁ፣ ሰው የክት ልብሱን ለብሶ ሲቀርብ አንሱት፤ በሥራ ልብሱ ድንገት የተነሣ ሰው ያፍራል። «እንልካለን» ካላችሁ ላኩ። ከተማ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ አሳትማችሁ፣ ስሙን ከጀርባው ጽፋችሁ፣ ወደዚያ ለሚሄድ ሸማኔ ወይም ሾፌር መስጠት ነው። ብዙ እንግዳ ቃል ይገባና ይረሳል፤ ቤተሰቡ ግን በየገበያው ቀን ይጠይቃል።

ትምህርቱን በተመለከተ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ለልጅ ቃል አትግቡ። ከተመለሳችሁ በኋላ አስባችሁ፣ ለስንት ዓመት እንደምትችሉ ቆርጣችሁ፣ ለወላጆቹ ደውላችሁ ንገሯቸው። ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ለአንድ ዓመት ነው በሉ። በዚያው መንደር ተማሪ ቤት ላሉት ሁሉ የሚሆን ደብተርና እስክሪብቶ ከሆነ ያሰባችሁት፣ ለርዕሰ መምህሩ በፊርማ አስረክቡ።