የትኛዋ ናት እውነተኛዋ እኔ?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ከወላጆቼ ጋር ኮምቦልቻ ነው። አባቴ በመረጠልኝ መሠረት አካውንቲንግ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ደሴ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ከተቀጠርሁም ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየማለዳው የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስወጣ ማንንም መምሰል የማይጠበቅብኝ ሰዓት ያ ብቻ እንደሆነ ይሰማኛል። እቤት ታዛዥ የበኩር ልጅ ነኝ፤ መሥሪያ ቤት ዝምተኛ ነኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ደግሞ ሳቂታና ተጫዋች ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ዲናሞ ሲጠቀልል አግዘዋለሁ፤ ያን ዕለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚነጉድ አላውቅም። አባቴ እንዳያውቅብኝ ግን እጄን ፈትጌ ታጥቤ ነው የምገባው። ከእነዚህ ሁሉ እውነተኛዋ እኔ የትኛዋ ናት?
መ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በየቦታው የተለያየሽ ሆነሽ መታየትሽ ብቻውን አስመሳይ አያሰኝሽም። ያደግሽበት ወሎ ባቲንና አምባሰልን የመሰሉ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙበት አገር ነው፤ አንድ ዘፋኝ በትዝታ ሲያንጎራጉርና በባቲ ሲያዜም ስሜቱ ፈጽሞ ቢለይም፣ ድምፁን የሚያውቅ አድማጭ አይስተውም። አባት ፊት መቆጠብና ከእኩያ ጋር መሳቅ አስተዳደግሽ ያስተማረሽ ወግ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄጂ የምትደብቂው ነገር ነው፤ በደብዳቤሽም እደብቀዋለሁ ያልሽው አንድ ነገር ብቻ ነው።

የማንነት ጥያቄን በሥነ ልቦና ውስጥ ሰፊ ቦታ ያሰጠው ኤሪክ ኤሪክሰን (እ.ኤ.አ. 1902–1994) ራሱ ወላጅ አባቱን ሳያውቅ ያደገ ሰው ነበር። የሕፃናት ሐኪም የነበረው እንጀራ አባቱ ሕክምና እንዲያጠና ቢፈልግም፣ እርሱ ሥዕል እየሣለ በአውሮፓ ሲዘዋወር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1927 ቪየና ውስጥ በአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ ዕድሜ ልኩን ወደሠራበት የልጆች ሥነ ልቦና የገባውም በዚያ በኩል ነው። ማንነቱን ያገኘው ተቀምጦ ራሱን በመመርመር ብቻ ሳይሆን እጁን ሥራ ላይ በማሳረፍ ጭምር መሆኑን ልብ በይልኝ።

የእርሱን ሐሳብ የተከተለው ጄምስ ማርሲያ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት ወጣቶችን በሁለት ጥያቄዎች መዝኗቸዋል፤ አማራጮችን ፈትሸዋል ወይ? በመረጡትስ ጸንተዋል ወይ? (ያኔ የተጠየቁት ወንድ ተማሪዎች ብቻ መሆናቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።) ምንም ሳይፈትሽ ሌሎች በመረጡለት የጸና ሰው የተረጋጋ ሊመስል ይችላል፤ አንቺም ለዓመታት እንዲሁ ኖረሻል። አሁን ግን መፈተሽ ጀምረሻል፤ ማርሲያ ከሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ተነሥቶ ከለያቸው አራት ሁኔታዎች ጭንቀት የሚበዛበትም ይኸው የፍተሻ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሚሰማሽ መረበሽ የጥፋት ምልክት አይምሰልሽ።

ሥራሽን ግን አሁን እንድትለቂ አልመክርሽም። ቅዳሜን ብቻ የሚሠራ ሰው የሥራውን ጣዕም እንጂ ምሬቱን አያውቀውም። የዓመት ፈቃድሽን ወስደሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአጎትሽ ጋር ዋይ፤ የቫርኒሹ ሽታ ራስሽን ሲያዞርሽ፣ የጠቀለላችሁት ዲናሞ ተመልሶ ሲቃጠልና ደንበኛው ሲቆጣ ምን እንደሚሰማሽ እይ። ከዚያም የአጎትሽን ሒሳብ ያዢለት፤ የመዳብ ሽቦው ስንት እንደወጣበት፣ በዱቤ የቀረው ገንዘብ ማን ዘንድ እንዳለ መዝግቢ። እስከ ዛሬ የከበደሽ አካውንቲንግ ራሱ ይሁን ወይስ ሳትጠየቂ የተሰጠሽ መሆኑ፣ የምትለዪው ያኔ ነው፤ ሁለቱን ሙያዎች አንድ ላይ ይዘሽ መኖር እንደምትችዪም ልታገኚው ትችያለሽ።

አባትሽን በተመለከተ፣ በፋብሪካ ከተማ የኖረ አባት ልጁ እጇ ሳይቆሽሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትሠራ ቢመኝ ምኞቱ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማው አታድርጊ። አጎትሽ በተገኘበት፣ ቡና ተፈልቶ ሁላችሁም በተቀመጣችሁበት ሰዓት፣ ቅዳሜ ምን እንደምትሠሪና ምን እንደምትወጂ ብቻ ንገሪው። ሊቆጣ ይችላል። ቁጣው እስኪበርድ ስለ ወደፊቱ ምንም ውሳኔ አታንሺበት፤ ቅዳሜሽን ግን አታቋርጪ።