እጅ የሚይዘው በገና

አንድ ወጣት ከቡሬ ጠየቀኝ። ክራር ሠርቶ ኢፖክሲ ቀብቶታል፤ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ ነው። አራት ቀን ሆነው፣ አሁንም እጅ ይይዛል። «ሃርድነር (ማጠንከሪያውን ፈሳሽ) ጨምሬ ከላዩ ልድገምበት?» ይላል። ባለክራሩ እሁድ ሊወስደው ይመጣል።

አትድገምበት፣ ልጄ። ጥያቄህን ካነበብኩ ወዲህ ግን ከአእምሮዬ ያልወጣው ያንተ ክራር ሳይሆን አንድ በገና ነው።

1998 ዓ.ም.፣ ክረምት ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችኝ። ከደብረ ኤልያስ በኩል አንድ የኔታ መጥተው በገና አዘዙኝ። ዋንዛውን ከገዛ ጓሯቸው ነው ያመጡት። ለፍልሰታ እንዲደርስላቸው ፈልገዋል። በሙሉ ልቤ ሠራሁት። ቁርበቱ ከተወጠረ በኋላ ምሰሶዎቹና ቀንበሩ እንዲያበሩ ብዬ ኢፖክሲ ቀባኋቸው።

ከዚያ በፊት የለመድኩት ፖሊስተር የሚባለውን ሌላ ሙጫ ነው። ፖሊስተር ላይ የማጠንከሪያ ጠብታ ስትጨምር ቶሎ ይጠነክራል። ኢፖክሲ እንደዚያ አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች በልክ ነው የሚያያዙት፤ የተረፈው ሃርድነር የሚይዘው አጥቶ እንደረጠበ ይቀራል። እኔ ግን ብርዱን አይቼ ሃርድነሩን በዓይን ግምት ጨመርኩበት።

በሦስተኛው ቀን ስነካው ጣቴን ያዘኝ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ያኔውኑ ገብቶኛል። ከላዩ ሌላ ደረብኩበት። የኔታ ሲመጡ «ዝናቡ ነው፣ ይደርቃል» አልኳቸው። አምነውኝ ይዘውት ሄዱ።

ፍልሰታ ሳይፈታ ተመለሱ። በገናውን በነጠላ ጠቅልለውታል፣ ነጠላው ምሰሶው ላይ ተጣብቋል። እንዲደርቅ ብለው ምድጃ አጠገብ አቁመውት ኖሯል። ጥላሸቱ ሙጫው ላይ ተለጥፎ ያ የሚያምር ዋንዛ ጠቁሯል። ቁርበቱ ደግሞ በእሳቱ ደርቆ ተሰንጥቋል። «ቤቴ ርጥበት አለው፣ ልጄ። ሥራህን አበላሸሁብህ፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

እኔም «ግድ የለም፣ የኔታ» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ቆሜ ፋቅኩት። ለስላሳውን በመፋቂያ፣ የቀረውን በአልኮል በራሰ ጨርቅ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። አንተም እንደዚሁ አድርግ። መጀመሪያ ግን በጥፍርህ ጫነው። ውስጡ ጠንክሮ ላዩ ብቻ እንደ ቅባት የሚያዳልጥ ከሆነ ብርድና እርጥበት ያወጣው ነው። ለብ ባለ ውሃ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽተህ መድገም ትችላለህ። ቦታ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ በደንብ አላዋሃድከውም። ጥፍርህ ሁሉም ቦታ ከገባ፣ ልኩ ትክክል መሆኑንም እርግጠኛ ከሆንክ፣ ሞቅ ያለ ክፍል አስገብተህ ሁለት ቀን ጠብቅ። በ15 ዲግሪ ከ25 ዲግሪው በእጥፍ ይዘገያል፤ ደብረ ማርቆስን የመሰለ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ በክረምት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ልኩን ከተጠራጠርክ ግን አትጠብቅ፣ ፋቀው። እኔን የጎዳኝ መጠበቅ ነው።

ቆርቆሮው ላይ ያለውን ልክ አንብብ፤ በክብደት ነው ወይስ በመጠን የሚለውም ይለያያል። የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ቪዲዮ አይታችሁ ትነሳላችሁ፣ ቆርቆሮውን ግን አታነቡም። ቢሆንም ትጠይቃላችሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም።

እውነቱን ለመናገር ኢፖክሲ ለክራርም ለበገናም አልወድም። ሙያውን ያስተማረኝ አናጢ እንጨቱን በሰም ነበር የሚያሸው፤ ቤቱ ሁሌ ማር ማር ይሸት ነበር። ግን እጅ የሚበዛበትን ቦታ ዛሬም በኢፖክሲ ነው የምቀባው፣ ይጠነክራልና። ቁርበቱን ብቻ እንዳታስነካው፣ ድምፁን ያፍነዋል።

ለየኔታ አዲስ ቁርበት ወጠርኩላቸው፣ ገንዘብ አልተቀበልኩም። «እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነህ» ብለው መረቁኝ። ለመስቀል አንድ ቅል ማር ይዘውልኝ መጡ። ያኔም አልነገርኳቸውም። ማሩን ተቀበልኩ። ካረፉ ቆይተዋል።

ባለክራሩ እሁድ ይመጣል ብለሃል። ዛሬውኑ ደውልለት። «ስቀላቅል ተሳስቻለሁ፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ» በለው።