በቪዲዮ ሐኪም ካማከሩ በኋላ ምን ይጠብቁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 52 ነው። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ያማከርኩት ሐኪም፣ እኔ በቤቴ ውስጥ ለበርካታ ቀናት ለክቼ የመዘገብኩትን፣ 160 በ100 አካባቢ የሆነ የደም ግፊት አይቶ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ እንድወስድ አዘዘልኝ። በአካል ሳልመረመር የታዘዘልኝን መድኃኒት ልመነው? ከዚህ በኋላስ ምን ልጠብቅ?

መልስ፦ ትእዛዙ ተገቢ ነው፤ አምሎዲፒን ለደም ግፊት ሕክምና መጀመሪያ ከሚመረጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሆኖም ምክክሩ ገና አላለቀም። የሽንት፣ የደም ስኳር፣ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ እንዲሁም ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ካልታዘዘልዎት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ግፊቱ በኩላሊትዎና በልብዎ ላይ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱን በስክሪን ማየት አይቻልም።

መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ባይወርድ አይደንግጡ፤ መጠኑ በቂ መሆኑ የሚገመገመው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንዳንድ ሰዎች ሁለቱም ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል፤ ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ ስለሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን በዚያው ዕለት በአካል ይታዩ።

ሐኪሙ በቀጣዩ ቀጠሮ የሚወስነው እርስዎ በሚያቀርቡት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ አለካክዎ ላይ አጥብቄ አደራ እላለሁ። ከቀጠሮው በፊት ባሉት 7 ቀናት ጠዋትና ማታ፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን መሬት አስረግጠውና ክንድዎን በልብዎ ትይዩ አሳርፈው ለ5 ደቂቃ በጸጥታ ከተቀመጡ በኋላ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩና ሁለቱንም ይጻፉ። ቡና ከጠጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ ከረከቦቱ አጠገብ ሆነው፣ ከጎረቤት እየተጨዋወቱ የለኩት ቁጥር ያሳስታል። ቁጥሩ ሲስተካከልልዎትም ያስተካከለው መድኃኒቱ ነውና ተሻለኝ ብለው አይተዉት።

ግፊቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን አካል መድከም ወይም የአንደበት መተሳሰር ቢመጣብዎት የቪዲዮ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ ወይም በቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካዩ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም እንኳ አይዘግዩ። ምንም ምልክት ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ከፍ ካለ፣ ዐርፈው እንደገና ይለኩና ካልወረደ በዚያው ዕለት ለሐኪምዎ ያሳውቁ።