«ልጄን ልጠይቅ ቻንግቹን ልሄድ ነው፤ ሐይቁን እንዴት ልየው?»

ጥያቄ፦ ልጄ ቻይና ውስጥ ቻንግቹን በሚባል ከተማ ዶክትሬቱን እየተማረ ነው። ከሄደ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ ጂንግዩዌታን ከሚባል ደንና ሐይቅ አጠገብ ነው። በስልክ ስንገናኝ ሁልጊዜ የሚያሳየኝ ሐይቁን ነው። እግዚአብሔር ከፈቀደ በጥቅምት መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ልጠይቀው ነው። ጓደኞቹ ግን «በጥር ይምጡ፣ በረዶውን ያያሉ» ይሉኛል። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ብርድ አልፈራም። ዕድሜዬ 63 ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል። የጽጌን ጾምም እጾማለሁ። ቦታው ለእኔ ይሆናል? ምን ልያዝ? ምንስ እበላለሁ?
— እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም እዚያው ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። ከመኝታዬ እስከ ሐይቁ በር በእግር ሃያ ደቂቃ ነበር። የወለደችኝ እናቴም ልትጠይቀኝ ስታስብ ኖራ ሳይሳካላት ቀረ። ይህን የምጽፈው ለእርሷ ልነግራት የነበረውን ጭምር ነው።

በጥቅምት ይሂዱ። የቻንግቹን የጥር ብርድ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር አይገናኝም። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አልፎ ይወርዳል፣ ቀኑም አይሞቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ጋቢውን ከትከሻ ዝቅ ያደርጉታል። እዚያ በጥር ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። በረዶው ቆንጆ ነው፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር መጀመሪያ ሐይቁ ዙሪያ ቫሳሎፔት የሚባል የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ይደረጋል። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሚያደርጉት የ90 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው፤ የቻንግቹኑ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ለወጣት ደስ ይላል። የሚያም ጉልበት ይዞ በረዶ ላይ መቆም ግን ለእርስዎ አይሆንም።

በጥቅምት መጀመሪያ ቀኑ ከ10 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህን ብርድ ያውቁታል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በቻንግቹን የቤት ማሞቂያ የሚከፈተው ከአንድ ማዕከል ለከተማው ሁሉ ነው፣ እሱም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20 ገደማ ነው። በእኛ ጥቅምት 10 አካባቢ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ቤት ውስጥ ከውጭው ይልቅ ይበርዳሉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ በጣም የበረደኝ በታኅሣሥ ሳይሆን በእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህ ጋቢዎን ይያዙ። ሻንጣው ሞላ ብለው እንዳይተዉት።

አሁን ወደ ሐይቁ። ስሙ «ንጹሕ ጨረቃ ያለበት ኩሬ» እንደማለት ነው፣ ቅርጹ የጨረቃ ሩብ ስለሚመስል። ታይዋን ውስጥ የፀሐይና የጨረቃ ሐይቅ የሚባል አለ፤ ቻይናውያን ሁለቱን እህትማማች ይሏቸዋል። ውሃው 5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደኑን ጨምሮ መናፈሻው 96 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በአንድ ቀን አያልቅም፣ ለመጨረስም አይሞክሩ።

ልጅዎ ምናልባት ያልነገረዎት ነገር ደግሞ አለ። ሐይቁም ደኑም የሰው እጅ ሥራ ናቸው። ጃፓን የቻይናን ሰሜን ምሥራቅ፣ ማንቹሪያን፣ ይዛ እ.ኤ.አ. በ1932 ማንቹኩዎ የሚባል መንግሥት አቆመች። ቻንግቹንን ዋና ከተማ አድርጋ ስሙን «አዲሲቱ መዲና» አለችው። ለመዲናዋ የሚጠጣ ውሃ አስፈለገ። በ1934 ግድቡ ተጀመረ፣ ውሃውን እንዲጠብቅም ዙሪያው ዛፍ ይተከል ጀመር። የወራሪ ሥራ ነበር። ወራሪው በ1945 ሄደ፣ የከተማው ሰው ግን መትከሉን ቀጠለ። ዛሬ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ብዙ ዛፎች አሉ። በዚያው ዘመን ቻይና ስለ ማንቹሪያ ጄኔቭ ሄዳ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብላ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይተን እኛም ሄደን አቤት አልን። ሁለታችንም ጠብ የሚል ነገር አላገኘንም። በ1937 ጣሊያን ለማንቹኩዎ እውቅና ሰጠች። ይህን ካወቅሁ በኋላ ግድቡ ላይ ስቆም ሆዴ ይባባ ነበር።

ዛፎቹ የጥድ ዓይነት ናቸው። ከመካከላቸው ላርች የሚባለው ልዩ ነው። ቅጠሉ እንደ መርፌ ነው፣ ግን እንደሌላው ጥድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ አይሆንም። በጥቅምት መጀመሪያ ወርቅ ይመስላል፣ ከዚያ ይረግፋል። ንፋስ ሲነሳ መርፌዎቹ እንደ ካፊያ ይወርዳሉ። ነጠላዎ ላይ፣ ፀጉርዎ ላይ ያርፋሉ። መንገዱ ሁሉ ብጫ ይሆናል። እኔ ለዚህ ስል ነው በጥቅምት ይሂዱ የምልዎት። ጊዜው አጭር ነው፣ አንድ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ደግሞ የቻይና ብሔራዊ በዓል ስለሆነ መናፈሻው በሰው ይጨናነቃል። ከጥቅምት 1 በኋላ ቢሄዱ ሁለቱም ይስማማል።

ለጉልበትዎ፦ ውሃውን የሚዞረው መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በእግር አይሞክሩት። የጎብኚ መኪና አለ፣ ትኬት ቆርጠው ይሳፈሩ። በእግር የሚሄዱት ግድቡ ላይ ብቻ ይሁን፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ውሃው በአንድ በኩል፣ ደኑ ከፊት ለፊት ይታያል። ኮረብታው ላይ ያለው ማማ ደረጃ አለው፣ እሱን ልጅዎ ወጥቶ ፎቶ ያንሳልዎት። መግቢያው እኔ በነበርኩበት ጊዜ 30 ዩዋን ነበር። ፓስፖርትዎን ይያዙ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምልዎት ስለ ምሽቱ ነው። ቻይና አገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይተዳደራል፣ ቻንግቹን ደግሞ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ከሰዓት በኋላ ዙሪያውን እንሂድ ብለን ተነሳን። ከግድቡ ማዶ ስንደርስ ጨለመብን። መኪናው ሥራ ጨርሶ ሄዷል፣ ስስ ጫማ ነው ያደረግነው። ቻይንኛችንም «ይቅርታ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር። አንድ ባልና ሚስት፣ ሽማግሌዎች፣ ባትሪ እያበሩ ሲመለሱ አገኙን። ምንም አልጠየቁንም። ሴትየዋ እጄን ያዘችኝ፣ እስከ በሩ ድረስ አልለቀቀችኝም። እጇ እስካሁን ትዝ ይለኛል። እርስዎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይግቡ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይውጡ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ቤጂንግ በአውሮፕላን፣ ከቤጂንግ ቻንግቹን በፈጣን ባቡር 5 ሰዓት ገደማ። ከከተማው ወደ ሐይቁ ደግሞ 3ኛው መስመር ቀላል ባቡር ይወስድዎታል። አዲስ አበባ የምንሳፈርባቸው የቀላል ባቡር ፉርጎዎችም የተሠሩት እዚያው ቻንግቹን ነው። ሲሳፈሩ አገርዎ ያሉ ይመስልዎታል። ለቪዛው ልጅዎ የጥሪ ደብዳቤ፣ የፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ኮፒ ይላክልዎ። እናትነትዎን የሚያሳይ የልደት ማስረጃም ያዘጋጁ። ሆቴል ሳይሆን ቤት ካረፉ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ እሱ ያውቀዋል፣ ግን ያስታውሱት።

ስለ ጾሙ አይጨነቁ። «ዲ ሳን ሺየን» የሚባል ምግብ አለ፣ «የምድር ሦስት ጣዕሞች» ማለት ነው። ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ በዘይት ጠብሰው በነጭ ሽንኩርት የሚሠሩት ነው። ከአገራችን ጥብስ አትክልት ብዙም አይርቅም። እኔ ረቡዕና ዓርብ የምበላው እሱን ነበር። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ በየቦታው አለ። መንገድ ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይሸጣል፣ በብርድ እጅ ያሞቃል። ሲያዙ «ወ ቺ ሱ» ይበሉ፣ ሥጋ አልበላም እንደማለት ነው። መረቁንም ያስጠይቁ፤ አትክልት የተባለው ብዙ ጊዜ በአሳማ መረቅ ይሠራል። ልጅዎ ይጠይቅልዎት።

ቋንጣና ቅቤ ግን አይያዙለት። እንደሚናፍቀው አውቃለሁ። የቻይና ጉምሩክ ሥጋና የወተት ውጤት አያስገባም፣ ይወስዱብዎታል። ዳቦ ቆሎ ይያዙ፣ ብዙ አድርገው። ጓደኞቹም ይመጣሉ። ግድቡ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጥግ አለፍ ብሎ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ሻይ በቴርሞስ ይያዙና እዚያ ይቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በሦስተኛውም፣ በስምንተኛውም ቀን ተመልሳችሁ ሂዱ። ልጅዎ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ብቻውን ያየውን ውሃ አብረውት ይዩት።