ፖርትፎሊዮ ድረ ገጽ ያለ ዶላር ካርድ፦ ለተማሪ አንባቢዎቻችን የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የሶፍትዌር ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከመመረቄ በፊት ፖርትፎሊዮ ድረ ገጽ ልከፍት ፈልጌ የሆስቲንግ (ድረ ገጽን ኢንተርኔት ላይ የማስቀመጥ አገልግሎት) ዋጋ ብጠይቅ ክፍያው በዶላር ሆነብኝ። ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይቻላል ስላሉኝ ሞከርኩ። ላፕቶፔ ላይ በደንብ የሚከፈተው ገጽ እዚያ ላይ 404 (ገጹ አልተገኘም) ይላል፤ አንዳንዴ ሲከፈትም ምስሎቹ የሉም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካርድ አያስፈልግህም። ዳታቤዝና ፒኤችፒ የሌለበት፣ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ የተሠራ ገጽ ጊትሀብ ፔጅስ በተባለው የጊትሀብ አገልግሎት ላይ በነጻ ይቀመጣል። የሚፈቀደው መጠን 1 ጊጋባይት ነው፤ የተማሪ ፖርትፎሊዮ ግን 20 ሜጋባይት እንኳ መሙላት የለበትም።

አዲስ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክት ፋይሎች ማስቀመጫ) ክፈትና ስሙን የተጠቃሚ ስምህ፣ ነጥብ፣ ጊትሀብ፣ ነጥብ፣ አይኦ አድርገው። «ፐብሊክ» ይሁን፤ በነጻ አካውንት የግል ሪፖዚተሪ ላይ ፔጅስ አይሠራም። ፋይሎቹን ከጫንክ በኋላ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፔጅስ» የሚለውን ክፈት፣ ብራንቹን «ሜይን»፣ ፎልደሩን «ሩት» ብለህ ሴቭ አድርግ። ገጹ እስኪወጣ እስከ 10 ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል ገና በ2ኛው ደቂቃ 404 አየሁ ብለህ ሁሉን አጥፍተህ እንዳትጀምር።

ከዚያም በኋላ 404 ካለ መነሻ ፋይሉን እይ። ስሙ በትንንሽ ፊደል «ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል» መሆን፣ ሪፖዚተሪው ሲከፈትም ከየትኛውም ፎልደር ውጭ መታየት አለበት። ፎልደሩን እንዳለ ጎትቶ የሚጭን ሰው ፋይሉን አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ይከተዋል፤ ጊትሀብ ደግሞ ገብቶ አይፈልግለትም።

የጠፉት ምስሎች ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን ለይቶ አያይም፣ የጊትሀብ ሰርቨር ግን ይለያል። ካሜራው የፎቶውን ስም መጨረሻ በትልቅ «ጄፒጂ» ጽፎት አንተ ኮዱ ውስጥ በትንሽ ከጻፍከው ላፕቶፕህ ላይ ይታያል፣ ኢንተርኔት ላይ ይጠፋል። በሲ ድራይቭ የሚጀምር አድራሻም እንዲሁ ነው፤ ያ ፎልደር ከአንተ ላፕቶፕ ውጭ የትም የለም። የፋይል ስም ሁሉ በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ቃላቱ በሰረዝ ተያይዘው ይጻፉ።

የተጠቃሚ ስምህ የቀልድ ስም ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። ሲቪህ ላይ ከታተመ በኋላ ብትቀይረው የድሮው የፔጅስ አድራሻ ወደ አዲሱ አይመራም። የራስህ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ይቆይ፤ ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሥራ ስትይዝ ትገዛዋለህ። ነጻ ዶሜይን እንሰጣለን የሚሉትን ግን አትመን። ዶት ቲኬን የመሳሰሉ ስሞችን በነጻ ያድል የነበረው ፍሪኖም በ2023 እ.ኤ.አ. አዲስ ምዝገባ አቁሞ በዓመቱ ከሥራው ወጥቷል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ 5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የስቱዲዮ ሥራዎቼን በሙሉ ድረ ገጼ ላይ ጫንኩ። ሰዎች በስልክ አይከፈትም ይሉኛል፤ የከፈቱትም አይነበብም አሉኝ።

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር ክብደት ነው። 4 ሜጋባይት የሆነ አንድ ምስል በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚጎትት ኔትወርክ 32 ሰከንድ ይፈጃል። አንቺ ደግሞ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ደርድረሽዋል። ፎቶና ሬንደር (በኮምፒዩተር የተሠራ የሕንፃ ምስል) ወርዱ 1600 ፒክሰል ይሁን፣ በዌብፒ ወይም በጄፔግ ጥራቱን 75 አካባቢ አድርገሽ አንዱን ከ200 እስከ 300 ኪሎባይት አውርጂው። ስኩሽ የተባለው ነጻ መሣሪያ ብሮውዘር ውስጥ ይህን ይሠራል። የመስመር ሥዕል ግን ጄፔግ አይወድም፤ በቀጭን መስመሮች ዙሪያ ጭጋግ ይተዋል። ፕላንና ሴክሽን (የሕንፃው ቁርጥ ሥዕል) በፒኤንጂ ወይም በኤስቪጂ ይውጡ።

ሁለተኛው የቦርዱ መጠን ነው። ኤ1 ቦርድ በአግድሙ 841 ሚሊሜትር ሲሆን የስልክ ስክሪን ወርድ 70 ያህል ነው። ሥዕሉ 12 ጊዜ ያንሳል፤ 5 ሚሊሜትር የነበረው ጽሑፍ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቦርዱን እንዳለ አትለጥፊ። ሳይት ፕላኑን፣ አንድ ሴክሽንና አንድ ዕይታ ቆርጠሽ አውጪ፣ ማብራሪያውን በገጹ ላይ እንደ ጽሑፍ ጻፊው።

ሁሉንም ሥራ ማሳየትሽን አንደግፍም። አንድ ቢሮ ብዙ ማመልከቻ በሚያይበት ቀን የሚያስታውሰው ሦስት ወይም አራት ፕሮጀክት ነው፤ የ1ኛ ዓመት ሥራሽ ከ5ኛው አጠገብ ቆሞ ያዳክመዋል። በየፕሮጀክቱ ሥር ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን እንዳስቸገረሽ (ተዳፋት፣ የምዕራብ ፀሐይ፣ የውሃ መውረጃ)፣ ምን እንደወሰንሽ በ100 ቃላት ውስጥ ንገሪን። የቡድን ሥራ ከሆነ የአንቺን ድርሻ ለይተሽ ጻፊ። በኢንተርንሺፕ የሠራሽውን የቢሮ ሥዕል ግን የቢሮውን ፈቃድ በጽሑፍ ሳትይዢ አትልቀቂ።

ጥያቄ፦ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ ጽሑፎቼ አማርኛ ናቸው። ገጹ ላይ አንዳንዶቹ ፊደላት ሳጥን፣ አንዳንዶቹ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። የገጹን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ስልከው ደግሞ፣ ርዕሱን ካስተካከልኩ በኋላም የድሮው ይመጣል።

መልስ፦ የላቲን ፊደል የሆነው ጽሑፍ ምናልባት ከዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ የኮድ ሥርዓት) በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የተተየበ ነው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበርና ፎንቱ ሲለወጥ እውነተኛው ይገለጣል። በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሳለፍ አለብህ። ሳጥን የሚታይበት ስልክ የግእዝ ፎንት የለውም፤ ከጉግል ፎንትስ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን ከገጹ ጋር አያይዝ። በኤችቲኤምኤሉ ራስ ላይ የቻርሴት (የፊደል ኮድ ዓይነት) መስመሩ ዩቲኤፍ 8 መሆኑንም አረጋግጥ። የመስመር ርቀቱን 1.7 አድርገው፤ ለላቲን የሚበቃው 1.4 ፊደሎቻችንን ያጨናንቃል። ኢታሊክ አትጠቀም፣ ያጣምማቸዋል እንጂ አያደምቃቸውም።

ቴሌግራም ሊንኩን መጀመሪያ ሲያይ የያዘውን ርዕስና ምስል ያስቀምጣል። «ዌብፔጅቦት» ለተባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ብትልክለት ያድሰዋል።

ጥያቄ፦ ስልክ ቁጥሬን ልጻፍ?

መልስ፦ ኢሜይል ይበቃል። የጊትሀብ ገጽ በራሱ ፎርም ተቀብሎ አይልክም፤ ስለዚህ «መልእክት ላኩ» የሚል ሳጥን ከማስቀመጥ ተጭነውት ኢሜይል የሚከፍት ሊንክ ይሻላል። ስልክ፣ የቤት አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ያለበትን ሲቪ በፒዲኤፍ አትጫኑ። ፋይሉን በኋላ ብታጠፉትም ፐብሊክ ሪፖዚተሪ የቀድሞውን ታሪክ ስለሚይዝ ማንም ተመልሶ ሊያወጣው ይችላል። ለድረ ገጹ እነዚህ የሌሉበት ሌላ ቅጂ አዘጋጁ።