ልጄ የሚስቀው በማን ላይ ነው?

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። በሕማማት ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር «የብራያን ሕይወት» የሚባል የእንግሊዞች ኮሜዲ ከፍተው ሲንከተከቱ ደረስኩ። ያየሁት መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ሰዎች ተሰቅለው ይዘፍናሉ። ደሜ ፈላ፤ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ልጄ «እማዬ፣ እሱ እኮ ኢየሱስ አይደለም» ይለኛል። ታዲያ ማን ነው? (እናት ነኝ፣ ከኦስሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ በሕማማት መክፈታቸውስ ደግ አላደረጉም። ልጅዎ ግን እውነቱን ነው።

ብራያን ጌታችን በተወለደበት ሌሊት እዚያው ጎረቤት በረት የተወለደ ምስኪን ነው። ሰብአ ሰገል በር ተሳስተው ይገቡና ወርቁን፣ ዕጣኑንና ከርቤውን ለብራያን እናት ያስረክባሉ። ትንሽ ቆይተው ስህተቱ ሲገባቸው ተመልሰው ይነጥቋታል።

ጌታም ፊልሙ ውስጥ አለ። ተራራው ላይ ሲሰብክ ይታያል፤ ቀልድ አይነካካውም። ቀልዱ ያለው ከኋላ፣ ድምፁ በደንብ ከማይደርሳቸው ሰዎች ዘንድ ነው። «ምን አለ?» ይባባላሉ። «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» የሚለው ቃል እነሱ ጋ ሲደርስ «አይብ የሚሠሩ» ሆኖ ቁጭ! አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ ነገሩ እንዲሁ በቁሙ አይወሰድም፣ የወተት ውጤት አምራቾችን ሁሉ ይመለከታል ብሎ ያብራራል። ከዚያ በአፍንጫ ትልቅነት ተሰዳድበው ቡጢ ይማዘዛሉ። ስለ ዕርቅ እየተሰበከ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ሰው በየደጀ ሰላሙ አላየሁም እንዳይሉኝ።

እኔን የምትገድለኝ ግን የጫማዋ ነገር ናት። ሕዝቡ ብራያንን መሲሕ ነው ብሎ ሲያሳድደው አንድ ጫማው ይወልቃል። አንዱ «ምልክት ነው፣ እኛም አንድ ጫማ እናውልቅ» ይላል። ሌላው «የለም፣ ጫማ እንሰብስብ ማለቱ ነው» ይላል። ሌላዋ ደግሞ ብራያን ትቶት ስለሄደው ቅል «ጫማውን ጣሉት፣ ቅሉን ተከተሉ!» ትላለች። ሃይማኖቱ ገና ሳይመሠረት ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። «እኔ መሲሕ አይደለሁም» ቢላቸው «እንዲህ ብሎ የሚክድ እውነተኛው መሲሕ ብቻ ነው» አሉት። ምን ያድርግ?

ያኔም የተቆጡት ብዙ ናቸው። ለፊልሙ ገንዘቡን ሊያወጣ የነበረው ኢኤምአይ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 በመጨረሻው ሰዓት ፈርቶ ወጣ። የቢትልስ ሙዚቃ ቡድኑ ጆርጅ ሃሪሰን ቤቱን አስይዞ ለፊልሙ ሠሪዎች ከፈለላቸው፤ ፊልሙን ማየት አምሮት ነው። ቀረጻው ቱኒዚያ ውስጥ፣ ዳይሬክተሩ ዘፊሬሊ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» የተባለውን ፊልም በሠራበት በሞናስቲር ነበር። በ1979 ሲወጣ አየርላንድ ከለከለችው፤ እስከ 1987። ያሉበት አገር ኖርዌይም ለጊዜው አግዳው ነበር። ስዊድኖች ይህን ሰምተው «ከማሳቁ የተነሳ ኖርዌይ ያገደችው ፊልም» ብለው ማስታወቂያ ሠሩበት።

ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ1979 ኅዳር ቢቢሲ ላይ ሙግት ተደረገ። ጸሐፊው ማልኮልም መገሪጅና የሳውዝዋርኩ ጳጳስ መርቪን ስቶክውድ ከሠሪዎቹ ከጆን ክሊስና ከማይክል ፔሊን ጋር ተፋጠጡ። ሁለቱ ተቺዎች ግን ፊልሙን ሊያዩ ሲመጡ ዘግይተው፣ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች አምልጠዋቸው ነበር። በረቱም ተራራውም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብራያንን ኢየሱስ ቢያደርጉት አይፈረድባቸውም፤ ቀድመው ባይፈርዱ ግን ጥሩ ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ግን ቁጣዎ ይገባኛል። ሠሪዎቹ «ሮማውያን የሰቀሉት እልፍ ሰው ነው» ብለው ይከራከራሉ። ልክ ናቸው፤ ለእኔ ግን አይበቃኝም። ስቅለት ዕለት ሲሰግድ ለዋለ ሰው መስቀል ላይ ማፏጨት ይመራል። እዚያ ስደርስ እኔም ሳቄ ይቆማል።

እንግዲህ ፋሲካ ይለፍና ከልጅዎ ጋር ከመጀመሪያው ጀምረው ይዩት። የጫማዋ ቦታ ሲደርስ «እነዚህን ማን ይመስሉሃል?» ይበሉት። ደግሞ ልጠቁምዎ፦ መሀል ላይ ብራያን ራቁቱን መስኮት የሚከፍትበት ቦታ አለ። ያኔ ቡና ላፍላ ብለው ይነሱ።